የእግዚአብሔር ስም፦ ከአክሱም ድንጋይ እስከ ግቢያችን በር

ባለፈው ሰሞን አምስት ሆነን ከምግብ አዳራሽ ወጥተን ሻይ ልንጠጣ ስንሄድ፣ የግቢያችን በር ላይ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው «ስለ እግዚአብሔር» አሉን። ከአምስታችን አንዳችንም ኪሱን አልነካም። «እግዜር ይስጥዎት አባባ» ብለን አለፍን። ሽማግሌውም ቁጣ ሳይታይባቸው «አሜን፤ አብሮ ይስጠን» አሉ።

ነገሩ የዘወትር ነገር ነው፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሻይ ቤት ከተቀመጥን በኋላ ግን ከመካከላችን አንዱ «በአንዲት ደቂቃ ውስጥ የእግዚአብሔር ስም ሦስት ሥራ ሠራ እኮ» አለ። እሳቸው ለመኑበት፤ እኛ እምቢ አልንበት፤ እሳቸው መልሰው መረቁበት። ታዲያ ስሙን ያከበረው ማን ነው? ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ክርክሩ ግን አልበረደም። አንዱ ጓደኛችን «ስሙን ማክበር ማለት ዝም ማለት ነው፤ እኛ አገር ስሙ በዛ» አለ። ሌላው «ስሙ ከአፋችን የጠፋ ቀን ነው የምንጠፋው» ብሎ ተቆጣ። እኛም ነገሩን በስሜት ብቻ ከምንከራከርበት በታሪክ እንየው ብለን፣ ያገኘነውን ይኸው በዚህች መጽሔታችን ላይ አቅርበናል።

ከአሥሩ ትእዛዛት አንዱ ስሙን በከንቱ ማንሣትን ይከለክላል። አይሁድ ይህን ትእዛዝ አጥብቀው ከመያዛቸው የተነሣ አራት ፊደል ያለውን የአምላካቸውን ስም በንባብ ከመጥራት ተቆጠቡ፤ በቦታው «አዶናይ»፣ ማለት «ጌታዬ» እያሉ ያነቡ ጀመር። መጻሕፍቱ ወደ ግሪክኛ ሲመለሱ በዚያ ቦታ «ኪርዮስ»፣ ጌታ የሚል ቃል ገባ። የእኛ ሊቃውንት ደግሞ ከግሪክኛው ወደ ግእዝ ሲተረጉሙ «እግዚአብሔር» አሉት። «እግዚእ» ጌታ ነው፤ «ብሔር» አገር፣ ምድር ነው፤ ሲገጣጠም የአገር ጌታ፣ የምድር ጌታ ይሆናል። እንግዲህ እኛ ስም ነው ብለን የምንጠራው ቃል ራሱ የስም መጋረጃ ነው ማለት ነው። (በ1962 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ብሔር ጥያቄ ሲጽፉና ሲፋጁ ያችኑ ቃል ነበር የያዟት። ያን ጊዜ ግን «የብሔሩ ጌታ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ሌላ ነበር።)

ብሔር የሚለው ቃል ከክርስትና በፊትም አምላክነት ነበረው። ንጉሥ ዔዛና በ4ኛው መቶ ዘመን፣ ገና ሳያምን ባስቀረጻቸው የአክሱም ድንጋዮች ላይ አስታርን፣ ብሔርን፣ ምድርን ይጠራል፤ ራሱንም የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ ነኝ ይላል። ካመነ በኋላ ባስቀረጸው የግእዝ ጽሑፍ ግን እነዚህ ሁሉ የሉም፤ ድሉን የሚሰጠው ለሰማይ ጌታ ነው። በገንዘቡም ላይ የነበረው የጨረቃና የክብ ምልክት ወጥቶ መስቀል ገባ። ብዙ የታሪክ መጻሕፍት እዚህ ላይ ያቆማሉ። እኛን የሳበን ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ጽሑፍ ዔዛና በኖባ ሰዎች ላይ ያደረገውን ዘመቻ፣ የገደለውን፣ የማረከውን፣ ያቃጠለውን ይዘረዝራል። በዚህ በኩል ከቀድሞዎቹ ድንጋዮች ብዙም አይለይም፤ የተጠራው ስም ተለወጠ እንጂ የጦሩ ወሬ ያው ነው። ወደ መጨረሻው ግን ንጉሡ ሕዝቡን በጽድቅና በፍትሕ፣ ሳይበድል እንደሚገዛ ቃል ይገባል። ስሙ በድንጋዩ መጀመሪያ ላይ ለንጉሡ ኃይል ነበር፤ በድንጋዩ መጨረሻ ላይ በንጉሡ ላይ ዕዳ ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪካችን ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሲዋልል የኖረ ይመስለናል።

ስሙን በየዋህነት ያከበሩትን ለማየት የፈለገ ወደ ጸሐፊዎቹ ይሂድ። የብራና ጸሐፊ ሁለት ቀንድ ቀለም መሬት ላይ ተክሎ፣ ሁለት ብርዕ ይዞ ይቀመጣል፤ አንዱ ለጥቁሩ፣ አንዱ ለቀዩ። የእግዚአብሔር ስም፣ የእመቤታችን ስም ሲደርስ ጥቁሩን ያስቀምጥና ቀዩን ያነሣል። አንዳንዱ ደግሞ ጥቁሩን አስቀድሞ ጽፎ ለስሙ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ በኋላ ተመልሶ በቀይ ይሞላዋል። ሥራው ሳይፈጸም የቀረ ብራና ሲገኝ ስሙ ያለበት ቦታ ባዶውን ይታያል፤ አንባቢው ግን ማን መሆኑን ያውቀዋል። በአንድ ገጽ ላይ አሥር ጊዜ ብርዕ መለወጥ ማለት እኮ ትልቅ ድካም ነው! ማንም አያስገድደውም፤ ሥራውንም ያዘገይበታል። እጅ በየስሙ እንዲቆም፣ ዓይን በየስሙ እንዲያርፍ ማድረግ፣ እኛ እስካየነው ድረስ፣ ስምን ከማክበር መንገዶች ሁሉ ንጹሑ ነው። (የእኛ ማባዣ ጥቁር ቀለም ብቻ ስላላት አንባቢ ይቅር ይበለን።)

ስሙን ያለ ፍቅር፣ በግድ ማክበር ምን እንደሚያመጣ ደግሞ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ያሳያል። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት እኚህ ንጉሥ ሊቅ ነበሩ፤ መጽሐፈ ብርሃንና መጽሐፈ ሚላድ በእርሳቸው ስም የታወቁ ናቸው። ሕዝቡ በስም ክርስቲያን ተብሎ በስውር ጣዖት ያመልካል፣ ጠንቋይ ይጠይቃል ብለው ስለ ተቆጡ አንድ ትእዛዝ አወጡ። ዜና መዋዕላቸው እንደሚነግረን ክርስቲያን የተባለ ሁሉ በግንባሩ ላይ የአብ የወልድ የመንፈስ ቅዱስን ስም፣ በቀኝ እጁና በግራ እጁ ላይ ደግሞ ሰይጣንን መካዱንና የማርያም አገልጋይ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ እንዲያደርግ ታዘዘ። ይህን ያላደረገ ንብረቱ ይወረሳል፣ በአካሉም ይቀጣል።

እስቲ አስቡት። ገበሬው ጽሑፍ አያነብም፤ ስሙን ግን በግንባሩ ተሸክሞ ገበያ ይወጣል። ያልተሸከመውን ጎረቤቱ ያየዋል። ጎረቤት ያየው ነገር ደግሞ የት እንደሚደርስ የታወቀ ነው። ያው ዜና መዋዕል በዚያ ዘመን ጠቋሚ እንደ በዛ፣ በቂም የተነሡ ሰዎች ጠላታቸውን «ጣዖት አምላኪ» እያሉ በሐሰት እንደ ከሰሱ፣ የንጉሡ የገዛ ልጆች እንኳ ሳይቀሩ በዚሁ ክስ ተይዘው እንደ ተቀጡ፣ በአገሩም ላይ ታላቅ ፍርሃት እንደ ወደቀ ይተርካል። ስሙ በግንባር ላይ ነበር፤ ሐሰቱ ደግሞ በአንደበት ላይ። ዘርዐ ያዕቆብ ስሙን አላከበሩም ማለት ግን አንችልም። በጽሑፎቻቸው ውስጥ ያለው ቅንዓት የእውነት ነው። ጥፋቱ ስምን ማክበር በሌላው ሰው ግንባር ላይ የሚሠራ ሥራ ይመስላቸው ስለ ነበር ነው።

ንጉሡ የተዋጉት ጥንቆላ ደግሞ ራሱ በምን ይሠራ ነበር? በስም ነዋ! አስማት የሚለው ቃል በግእዝ «ስሞች» ማለት ነው፤ ስም የሚለው ሲበዛ አስማት ይሆናል። የአምላክን ኅቡእ ስሞች የሚያውቅ፣ በኃይላቸው ጋኔን ያስወጣል፣ በሽታ ይፈውሳል፣ ጠላት ያስራል ተብሎ ይታመን ስለ ነበር የስሞቹ ስም የሥራው ስም ሆነ፤ ዛሬ አስማተኛ ስንል ከየት እንደ መጣ እንኳ አናስታውሰውም። ደብተራው የታማሚውን ቁመት ለክቶ በዚያው ልክ ክታብ ይጽፋል፤ በላዩም ከዕብራይስጥ ይሁን ከግሪክ ይሁን ማንም የማይለየውን ቃል እየደረደረ የአምላክ ስም ነው ይላል። ልፋፈ ጽድቅ የሚባለው ጸሎት ደግሞ ከሞተ ሰው ጋር ይቀበራል፤ በውስጡ ያሉት ስሞች ነፍስን ከእሳት ያሻግራሉ ተብሎ ይታመንበታል። በዚህ መሳቅ ቀላል ነው፤ በተለይ ለእኛ ለተማርነው። ልጇ የታመመባት እናት በአንገቱ ያሰረችው ክታብ ግን ሐኪም ቤት በሌለበት አገር የነበራት ነገር ሁሉ ነው፤ በእርሷ ላይ አንስቅም። የምንነቅፈው ስሙን ቁልፍ አድርጎ፣ ቁልፉን በኪሱ ይዞ፣ በዋጋ የሚከፍተውን ነው።

ሌላው የስሙ መንገድ መሬት ነው። ነገሥታትና መኳንንት ለቤተ ክርስቲያን ጉልት ሲሰጡ የስጦታው ቃል በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ ነበር፤ መጨረሻውም ውግዘት ነው። ይህን የጣሰ፣ ይህን የነጠቀ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ፣ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ይላል። በዚህ ጉዳይ እኛ ለሁለት ተከፍለን ነበር። አንደኛው ወገን «ስሙን የመሬት አጥር አደረጉት፤ ጭሰኛው ባለ ርስቱን ብቻ ሳይሆን እግዚአብሔርንም እንዲፈራ ተደረገ» ይላል። እውነት አለው፤ በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ሲወጡ ያን አጥር ጭምር መግፋታቸው ነበር፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅም አብሮ ፈረሰ። ሌላው ወገን ደግሞ «ውግዘቱ የተጻፈው ለጭሰኛው አይደለም፤ ጭሰኛ ጉልት አይነጥቅም፤ የሚነጥቀው ቀጥሎ የሚመጣው ንጉሥና ራስ ነው፤ እርሱን የሚያስር ሌላ ሕግ ስላልነበረ ስሙን ጠሩበት» ብሎ መለሰ። ይህም እውነት አለው። ሁለቱን ያስታረቅን አይምሰላችሁ፤ አላስታረቅንም።

በስሙ ኃያልን ማሰር ከተባለ ግን «በሕግ አምላክ!» የሚለውን የሚያህል አናውቅም። ትርጉሙን ልብ በሉ፤ ሕጉ አምላክ አለው ማለት ነው። ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ሲጣሉ አንደኛው «በሕግ አምላክ ቁም!» ካለ ሌላው መቆም አለበት፤ ጉልበቱ ቢበልጥም መቆም አለበት። ከዚያ መንገደኛውን አስቁመው ዳኛ ያደርጉታል፤ እርሱም ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ይሰማቸዋል፤ እነርሱም ነጠላቸው ተቋጥሮ እስከ ሹም ድረስ አብረው የሚሄዱበት ጊዜ አለ። ፖሊስ የለ፣ ካቴና የለ፣ ያለው ቃል ብቻ። ደካማው በእጁ ምንም ሳይኖረው ጉልበተኛውን ያስቆመበት ቃል ነው። አቤቱታ የሚለው የጽሕፈት ቤት ቃላችንም «አቤቱ» ተብሎ በጸሎት ከሚጠራው ቃል ጋር ዘመድ ነው፤ የተበደለ ሰው በሹም ደጅ «አቤት! አቤት!» ሲል የሰማይና የምድር ዳኛን በአንድ ቃል ይጠራል። ዛሬ በየቢሮው ማመልከቻ ይዘን የምንጉላላ ሁሉ ይህን ብናስታውስ ቃሉ ያን ያህል የደረቀ አይመስለንም ነበር።

ነገሥታቱም ቃሉን ሳያዩ አላለፉትም። «በሕግ አምላክ» ከሚለው ጎን «በንጉሥ አምላክ»፣ «በምኒልክ አምላክ» መጣ። በመሐላውም «ምኒልክ ይሙት» ተባለ። የሚወደውንና የሚፈራውን ሰው ጠርቶ «እርሱ ይሙት» ብሎ መማል የአገራችን ልማድ ነው፤ «ብዋሽ እርሱን ያሳጣኝ» ለማለት ነው። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው በመስከረም 1888 ዓ.ም. ለዐድዋ ዘመቻ ክተት ሲያውጁ የማሉት በማርያም ነበር፤ በቀረ ሰው ላይ አማላጅ እንደማይቀበሉ በስሟ አጸኑበት። እኛ በዶርም ውስጥ የተበደርነውን ደብተር «ማርያምን ነገ እመልስልሃለሁ» ብለን የምንምላት መሐላ ያችው ናት። መቶ ሺህ የሚደርስ ሰው ያስከተተ ቃል ለደብተር!

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የሆነው ነው። ተፈሪ መኰንን ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲደፉ የክርስትና ስማቸውን የመንግሥት ስም አደረጉት። ሕዝቡም እንደ ልማዱ «ኃይለ ሥላሴ ይሙት!» ብሎ ማለ። ገበያ ላይ፣ ችሎት ፊት፣ ልጅ ከልጅ ጋር በብይ ጨዋታ ሲጣላ፣ «ኃይለ ሥላሴ ይሙት!»። ቃሉን ፈትታችሁ ስሙት እስቲ፤ የሥላሴ ኃይል ይሙት! አንድም ሰው ይህን አስቦ አልተናገረውም፤ በፍቅርና በፍርሃት ነው ያለው። ነገሩ ግን የሚያሳየው አለ። ስሙ ለሰው ከተሰጠ በኋላ ሰውየው ስሙን ሸፈነው። በደብዳቤው ራስጌ ላይ «ሥዩመ እግዚአብሔር» ይላል፤ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ስለ ተቀቡ አካላቸው ቅዱስ፣ ሥልጣናቸውም የማይነካ ነው ይላል። ዔዛና በድንጋዩ መጨረሻ ላይ የገባው ዓይነት ዕዳ እዚህ ዘንድ በወረቀት ላይ ቀርቶ እንደ ሆነ፣ በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሀብ በተገለጠ ጊዜ ሁሉም አየው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሥዩመ እግዚአብሔር የሚለው ከደብዳቤው ራስጌ ወረደ፤ ከግርጌው «ኢትዮጵያ ትቅደም» ገባ። ስሙን በአደባባይ መጥራት የኋላ ቀርነት ምልክት የተባለበት ዘመን መጣ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ በ1971 ዓ.ም. በስውር ተገደሉ። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተገደሉ፤ አገር ጥለው የሚወጡበት መንገድ ቀርቦላቸው ሳለ ሕዝቤን ጥዬ አልሄድም ብለው የቀሩ ሰው ነበሩ። ሁለቱ በእምነት ሥርዓት የተለያዩ ናቸው፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ግን አንድ መሬት በላቸው። ስለ እነርሱ ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኛ ስለ ስሙ የምንለው አንድ ብቻ ነው። ስሙን ጠርተው የከፈሉት ራሳቸው ናቸው፤ ሌላ ሰው አላስከፈሉበትም። የሻይ ቤቱን ክርክር ለእኛ የፈታልን ይህ ነው። ስሙ የሚከበረው መጀመሪያ ጠሪውን ሲያስር ነው፤ ሌላውን ብቻ የሚያስር ከሆነ በግንባር ቢጻፍም፣ በማኅተም ቢታተምም ከንቱ ነው።

ያን ዘመን ግን የዕለት ቋንቋችን ምንም ሳይመስለው አለፈው። ለምን ቢሉ፣ ስሙ በአማርኛ ውስጥ ተደብቆ ስለሚኖር ነው። ልብ ብላችሁ ስሙ። «ጤና ይስጥልኝ» ስንል የሚሰጠው ማን ነው? ለታመመ «ይማርህ» ስንል የሚምረው ማን ነው? ለቅሶ ቤት ገብተን «ያጥናችሁ» ስንል የሚያጠናው፣ ለአራስ «በሽልም ያውጣሽ» እንደ ተባለው «ያሳድግልሽ» ስንል የሚያሳድገው ማን ነው? ባለቤቱ አልተጠራም። ግሡ ብቻውን ቆሟል፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል፤ እንደዚያ ቀዩ ሳይጻፍ እንደ ቀረው ብራና። ካድሬው ሳይቀር ስብሰባ ሲከፍት «ጤና ይስጥልኝ ጓዶች» ይል ነበር እኮ! አይሁድ በፍርሃት ስሙን ከአፋቸው አወጡት፤ የእኛ እናቶች ደግሞ ሳያስቡት በግስ ውስጥ አኖሩት። ሽማግሌው «አብሮ ይስጠን» ሲሉም ስሙ አልተጠራም። የጠራነው እኛ ነን፣ እምቢ ስንል።

የራሳችን ስሞችም እንዲሁ ናቸው። ገብረ እግዚአብሔር፣ ወልደ አማኑኤል፣ ኃይለ ኢየሱስ፣ ወለተ ሥላሴ ተብሎ የተጠመቀ ሰው ስሙን ሲጠራ ሁሉ የሌላ ስም ይጠራል። የክርስትና ስም በብዙ ቦታ ከካህንና ከቤተ ሰብ በቀር ለሌላ አይነገርም ነበር፤ መድኃኒተኛ እንዳይሠራበት ይፈራል፤ ሰው ሲሞት ግን በፍትሐቱ ላይ በዚያው ስሙ ይጠራል። ትምህርት ቤት የገባን ጊዜ መዝጋቢው ያሳጥረዋል፣ ጓደኛ ደግሞ ይቆርጠዋል። ገብረ እግዚአብሔር ገብሬ ይሆናል፤ ወልደ አማኑኤል ወልዴ፣ ኃይለ ኢየሱስ ኃይሌ። አገልጋዩ ቀረ፣ ጌታው ተቆረጠ። ከአምስታችን አንዱ ገብሬ ነው። ያን ቀን ሻይ ቤት ውስጥ «እኔ የማን ገብሬ ነኝ?» ብሎ ስቆ ነበር፤ ማናችንም ፈጥነን አልመለስንለትም።

ከእኛ በፊት የነበረው ተማሪ፣ ቆሎ ተማሪው፣ ደበሎውን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምን ነበር፤ ስለ ማርያም ስም ማለት ነው። በዚያ ስም ቁራሽ ያልሰጠች ባልቴት፣ እንኳን ልትኖራት፣ የላትም ይባልላት ነበር እንጂ ነፈገች አይባልም። አኮፋዳው ውስጥ የገባው ቁራሽ ነው ድጓውን፣ ቅኔውን፣ የብራናውን ቀይ መስመር ሁሉ ያቆየልን። እኛ በመንግሥት ወጥ ቤት የምንበላው ተማሪዎች ማክሰኞ ዕለት በዚያው በር በኩል ወጣን፤ ሽማግሌው እዚያው ነበሩ። ገብሬ ኪሱን ሲዳብስ ቆይቶ ሃምሳ ሳንቲም አገኘ። ሲሰጣቸው እርሱም ዝም፣ እርሳቸውም ዝም፤ ጥቂት እንደ ራቅን ግን ከኋላችን «ይስጥልኝ ልጄ» ሲሉ ሰማናቸው።